ንጋት ላይ አየር የሚያጥራቸው ኮይ ዓሦች፦ 45 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የግቢ ኩሬ

የቀበናው ግቢ (ጥያቄ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ቀበና ወንዝ አጠገብ ባለ አሮጌ ግቢ ውስጥ ነው የምኖረው። አባቴ ከተከሏቸው ጽጌረዳዎች ግማሹን አንሥቼ ባለፈው የካቲት አንድ ኩሬ አሠራሁ። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ስፋቱ 2 ሜትር ተኩል፣ ጥልቀቱ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር 45 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ያላስቆፈርኩት ባለቤቴ ልጆች ይወድቁበታል ብላ ስለሠጋች ሲሆን፣ ሥጋቷ ተገቢ ነው ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ግንቦት ላይ ኮይ የሚባሉ 14 የጌጥ ዓሦች ገዝቼ አስገባሁበት፤ አሁን ትልቁ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኗል።

ክረምቱን በደህና ከረሙ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ዝናቡ ቆሞ ሌሊቱ መቀዝቀዝ ሲጀምር ግን ውሃው ጎመን የተቀቀለበት መሰለ፤ ከዚያም በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ዓሦች ሞቱብኝ። ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጋቢዬን ደርቤ ስወጣ የቀሩት አሥራ አንዱ በአንድ ጥግ ተከማችተው አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ነጭ ሆና ጀርባዋ ላይ ቀይ ጣል ጣል ያለባት አንዷ በጎኗ ልትተኛ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ተመልሼ ሳይ ሁሉም ምንም እንዳልሆነ ሰው ይዋኛሉ፤ እሷም ጭምር።

ዓሦቹን የሸጠልኝ ሰው በሽታ ነው ብሎ ሰማያዊ የጠብታ መድኃኒት ሰጠኝ። ሁለት ጊዜ ጨመርኩ፤ ለውጥ የለም። ምግብ በቀን ሦስት ጊዜ እሰጣለሁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሌሊት ጎማውን ኩሬው ውስጥ ከትቼ እስኪሞላ እተወዋለሁ። ውሃውን ወደ ማጣሪያው በርሜል አውጥቶ በፏፏቴ መልክ የሚመልስ ፓምፕ አለኝ፤ ድምፁ ሰርቪስ ቤት ያሉትን ተከራይ ስለሚረብሻቸው ዘበኛችን ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ ያጠፋዋል። እናቴ ደግሞ ሁዳዴ ሳይገባ ለምን አይበሉም እያሉ በየቀኑ ስለሚጠይቁኝ፣ ከሁለት ወገን ተከብቤያለሁ። ምን ባደርግ ይሻላል?

ሰበታ መንገድ፦

ወንድሜ፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ንጋት ላይ ብሶበት ረፋድ ላይ የሚሻለው ዓሣ፣ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ኦክስጅን እንጂ ጤና አይደለም። ምክንያቱንም እርስዎ ራስዎ ሳያስቡት ጽፈውታል፤ ፓምፑ የሚጠፋው ከምንጊዜውም ይልቅ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው።

ውሃዎን ያለመለመው በዓይን የማይታይ አልጌ ነው። ፀሐይ እስካለች ድረስ ኦክስጅን ያመርታል፤ ሲመሽ ግን እሱም እንደ ዓሦቹ ይተነፍሳልና ቀን ያመረተውን ሌሊት መልሶ ይበላዋል። የኩሬው ሥር ላይ የተኛው ቅጠልና የምግብ ትርፍ ሲበሰብስም እንዲሁ ኦክስጅን ይወስዳል። ስለዚህ በኩሬ ውስጥ ኦክስጅን ከሁሉ የሚያንሰው ከሌሊቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ፀሐይ ወጥታ አልጌው ሥራ ሲጀምር ዓሦቹ ነፍስ ይዘራሉ፤ እርስዎ 4 ሰዓት ላይ ያዩት ይህንኑ ነው።

በዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ ይጨመርበታል። የውጭ አገር መመሪያዎችን ስናነብ ይህንን እንረሳለን። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሆነ ውሃ ጠግቦ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በሊትር 9 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። መሀል አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝና የአየሩ ግፊትም ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ያው ውሃ እኛ ዘንድ ቢጠግብ 6.8 ሚሊ ግራም ገደማ ቢይዝ ነው። ኮይ ደግሞ በምቾት የሚኖረው 6 እና ከዚያ በላይ ሲያገኝ ነው። ሌላው አገር ያለ ሰው ፓምፑን አንድ ሌሊት ቢያጠፋ የሚበላው መጠባበቂያ አለው፤ እኛ ግን ከጅምሩ ወለሉ ላይ ነን። በመጽሐፍ «ለዚህ ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» ተብሎ የተጻፈውን ሁሉ እዚህ ከተማ ውስጥ ቢያንስ በሩብ ቀንሶ ማንበብ ይገባል።

የኩሬዎ ውሃ 4500 ሊትር ነው። ለአንድ ሙሉ በሙሉ ላደገ ኮይ 1000 ሊትር ይበቃል በሚለው የተለመደ ስሌት እንኳ ብንሄድ አራት ዓሣ ነው የሚይዘው። 14 ዓሣ ሲገቡ ትንንሽ ስለነበሩ ችግሩ አልታየም። ኮይ ግን ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚያድግ፣ ከ20 ዓመት በላይ የሚኖር የካርፕ ዘር ነው፤ የጌጥ ዓሣ ስለተባለ መስተዋት ውስጥ እንደምናያቸው ትንንሾቹ አድርገን ማሰብ የለብንም።

ዛሬ ማታ ፓምፑ ሳይጠፋ ይደር። የተከራዩ ጉዳይ የፏፏቴው ድምፅ ከሆነ፣ ውሃው የሚወድቅበትን ቦታ ዝቅ አድርገው በድንጋይ ላይ እንዲንሸራተት ያድርጉት፤ ወይም ለሌሊቱ አነስተኛ የአየር ፓምፕ ይግዙ። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚሠራ ዓይነት ቢሆን የተሻለ ነው፤ መብራት የሚሄድበትን ሰዓት ዓሣው አይመርጥምና። መብራትም ባትሪም በሌለበት ሌሊት እኔ ራሴ በጆግ እየቀዳሁ ከከፍታ ላይ ስደፋ ያነጋሁበት ጊዜ አለ። አድካሚ ነው፤ ግን ይሠራል።

ጡረተኛ መምህር፦

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሙሉ አይመስለኝም። ኬሚስትሪ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ሁለት ነገሮች ዓይኔን ያዙት፤ አንደኛው የቧንቧው ጎማ ነው፣ ሌላኛው ሰማያዊው ጠብታ።

ከለገዳዲም ሆነ ከገፈርሳ ተጣርቶ የሚመጣው ውሃችን ክሎሪን አለበት፤ ሊኖርበትም ይገባል። ለሰው ምንም የማያደርገው መጠን ግን የዓሣን ስንጥብ፣ ማለትም መተንፈሻውን፣ ያቃጥላል። ስንጥቡ የተጎዳ ዓሣ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን እንኳ በደንብ መውሰድ ስለማይችል፣ የክሎሪን ጉዳት ሲያዩት ልክ የአየር እጥረት ይመስላል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፤ ሦስቱ ዓሦች የሞቱት ውሃ በመጣ ማግሥት ነበርን?

ሰማያዊው ጠብታ ሚቲሊን ብሉ ይመስለኛል። እሱ በተለየ ገንዳ ውስጥ ለታመመ ዓሣ የሚሰጥ ነው። ዋናው ኩሬ ውስጥ ሲጨመር የማጣሪያውን ባክቴሪያዎች ይጎዳል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ዓሣው በስንጥቡ የሚያስወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጡ ናቸው፤ አዲስ ማጣሪያ ውስጥ እስኪደላደሉ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። እነሱን ከገደልን ኩሬው እንደ አዲስ ይጀምራል ማለት ነው።

መድኃኒት ከመጨመር በፊት መለካት ይቅደም። የአሞኒያና የፒኤች (የውሃውን አሲድነት የሚያሳየውን) መለኪያ ፈልገው አንዴ ንጋት ላይ፣ አንዴ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይለኩ። የሙቀት መለኪያም ቢኖር ጥሩ ነው። ውጤቱን ይዘው ይመለሱ።

የቀበናው ግቢ፦

መምህር፣ ጥያቄዎ አስደነገጠኝ። ማስታወሻዬን ሳገላብጥ፣ ከሦስቱ ሁለቱ የሞቱት ሌሊት ውሃ ሞልቼ ባደርኩበት ማግሥት ነው። አንዱን ግን በሌላ ቀን ነው ያገኘሁት።

ትናንት ለካሁ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ውሃው 10 ዲግሪ፣ ፒኤቹ 7.5 ነበር። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሙቀቱ 23 ዲግሪ፣ ፒኤቹ ደግሞ 9 ሆነ። መለኪያው የተበላሸ መስሎኝ ደግሜ ለካሁት፤ ያው ነው። አሞኒያው ሁለቱንም ጊዜ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ገደማ ያሳያል። ፓምፑ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልጠፋም። ተከራዩንም አነጋግሬያቸው በደስታ ተስማሙ፤ ለካ ከድምፁ ይልቅ ያስጨነቃቸው የመብራቱ ሒሳብ ለእሳቸው የሚደርስ መስሏቸው ኖሯል።

ጡረተኛ መምህር፦

መለኪያዎ ደህና ነው። አልጌው ቀን ቀን ከውሃው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ ፒኤቹ ይወጣል፤ ሌሊት መልሶ ስለሚለቀው ይወርዳል። ይህ መውጣት መውረድ ብቻውን ዓሣ ያደክማል፤ የከፋው ግን ከአሞኒያው ጋር ሲገናኝ ነው።

አሞኒያ ውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ እምብዛም አይጎዳም፣ ሌላው መርዝ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት ፒኤቹ 7 በሆነ ውሃ ውስጥ መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ፒኤቹ 8 ሲሆን ከመቶ 4 ገደማ ይደርሳል፤ 9 ሲሆን ግን ከሩብ ይበልጣል። ስለዚህ የእርስዎ 1 ሚሊ ግራም አሞኒያ ንጋት ላይ ብዙም የማያሠጋ ሆኖ ሳለ፣ ያው 1 ሚሊ ግራም ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ስንጥብ የሚያቃጥል ይሆናል። ዓሦችዎ ከሰዓት በኋላ ይመረዛሉ፤ ሌሊት ደግሞ በተጎዳ ስንጥብ ትንሽ ኦክስጅን ካለው ውሃ ለመተንፈስ ይታገላሉ። ፀሐይ ላይ ሲዋኙ ደህና ናቸው ብለን የምናስበው ተሳስተን ነው።

ፒኤቹን በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ላውርድ እንዳይሉ አደራዎን። ወርዶ ተመልሶ ይወጣል፤ በመሀል የሚጎዳው ዓሣው ነው። መነካት ያለበት ምንጩ ነው። ምግቡን ለአራትና ለአምስት ቀን ያቁሙ፤ ኮይ በዚህ አይጎዳም። ከዚያ በኋላም በዚህ በብርድ ወቅት በቀን አንድ ጊዜ፣ ውሃው በሞቀበት ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ይስጡ። ውሃው ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ የዓሣው ሆድ መፍጨት ያቆማል ለማለት ይቻላል፤ ማታ የተሰጠ ምግብ ሆዱ ውስጥ ይከርማል፣ የተረፈውም ኩሬው ውስጥ ይበሰብሳል። እንግዳ ሲመጣ ዳቦና እንጀራ የሚጥልባቸው ካለም ይህ ልማድ ቢቀር መልካም ነው።

ውሃ ሲቀይሩ በየሳምንቱ ከአሥር አንድ እጅ ያህል ይበቃል፤ ጎማውንም ቀጥታ አይክተቱ። በተከፈተ በርሜል ውስጥ ሁለት ቀን ያስተኙት፤ የአየር ፓምፕ ቢገባበት ክሎሪኑ ቶሎ ይወጣል። ክዳኑ የተዘጋ ሮቶ ውስጥ ያደረ ውሃ ግን ክሎሪኑ ወጥቷል ብሎ ማመን አይቻልም። ባክቴሪያዎቹ እስኪያገግሙ ናይትራይት ሊነሣ ስለሚችል፣ ለ1000 ሊትር 1 ኪሎ ሒሳብ ምንም ያልተቀላቀለበት ጨው አሟምተው በሁለት ቀን ከፋፍለው ይጨምሩ፤ ጨው ናይትራይት ወደ ዓሣው ደም እንዳይገባ ይከላከላል። መርካቶ የሚሸጠው አሞሌ ከታጠበ በኋላ ለዚህ ያገለግላል። ጨው ከውሃው ጋር እንደማይተን ግን አይርሱ፤ የሚቀንሰው ውሃ ሲቀየር ብቻ ነውና በየሳምንቱ ሙሉውን መጠን መድገም ስሕተት ነው።

ከሥላሴ በታች፦

እኔም አራት ኪሎ፣ ከሥላሴ በታች ባለ ግቢ ውስጥ 50 ሴንቲ ሜትር ኩሬ ይዤ ስድስተኛ ዓመቴ ነው፤ ስለዚህ ጥልቀት የሌለው ኩሬ ከናካቴው አይሆንም የሚሉትን አልቀበልም። የሚከብደው የውሃው ማነስ ሳይሆን የውሃው መለዋወጥ ነው። ወንድሜ የለኩትን አስተውሉ፤ ከ10 ወደ 23፣ በዘጠኝ ሰዓት ውስጥ። ሜትር ተኩል ጥልቀት ያለው ኩሬ ይህን ያህል አይወጣም አይወርድም። እኛ የምንኖረው ቀን ፀሐይ የሚያቃጥልበት፣ ሌሊት ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ጣት የሚያደነዝዝ ብርድ ባለበት ከተማ ነው፤ ትንሽ ውሃ ሁለቱንም እንዳለ ይቀበላል።

እኔ ያደረግሁት ይህ ነው። ከኩሬው ሁለት ሦስተኛውን በጥላ መረብ ሸፈንኩ። በሁለት ወር ውስጥ አረንጓዴው እየሳሳ ሄዶ ዛሬ የታችኛው ጠጠር ይታየኛል። ሌሊት መረቡ ላይ አሮጌ ሸራ እደርብበታለሁ፤ የንጋቱ ሙቀት ሁለት ሦስት ዲግሪ ያህል የተሻለ ሆኖልኛል። መረቡ በሐምሌ በረዶውንም ይመልሳል። በመጀመሪያው ዓመት ክረምት ላይ የጣራዬ አሸንዳ ኩሬው ውስጥ ይፈስ ስለነበር፣ አንድ ኃይለኛ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ሁለት ዓሦች ተገልብጠው አገኘሁ። አሸንዳውን አዞርኩት፤ እርስዎም ከክረምት በፊት ይዩት።

መረቡ ሌላም ጥቅም አለው። ቀበና ላይ ጭላት እንደሚበዛ አውቃለሁ፤ አየር አጥሮት ወለል ላይ የሚንሳፈፍ ዓሣ ለጭላትም ለድመትም የተዘረጋ ማዕድ ነው። ከአንድ ጎረቤቴ ግቢ ያየሁት እግረ ረጅም ወፍ ደግሞ ዳሩ ቀስ እያለ የሚወርድ ኩሬ ውስጥ ገብቶ ቆሞ ሲለቅም ነበር። የእርስዎ ግድግዳ ቀጥ ያለ ከሆነ ከዚህ ድነዋል።

ስለ ተክል አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ጥላ ይሰጣል ተብሎ ሐምራዊ አበባ ያለው ተንሳፋፊ ተክል በነጻ ቢሰጥዎት፣ እንቦጭ ነውና አይቀበሉ። በቆቃ ከብዙ አሥርት ዓመታት ጀምሮ የታየና ጣናን ያስለቀሰ አረም በገዛ እጃችን ወደ ግቢያችን ልናመጣው አይገባም፤ የእርስዎ ግቢ ደግሞ ወንዝ ዳር ነው። ደንገል በማሰሮ ተክለው ኩሬው ጥግ ቢያስቀምጡ ያምራል፤ ኮይ ሥሩን ስለሚቆፍር አፈሩን በድንጋይ ይሸፍኑት። ጨው ለተክል እንደማይስማማም ያስቡበት።

ግንበኛው፦

ሥራዬ ኩሬና ገንዳ መገንባት ስለሆነ ስለ ዓሣው ብዙ አልናገርም። ጥልቀቱን በሚመለከት ግን መፍትሔ አለው። የኩሬውን አንድ ጥግ፣ ሜትር ከሃያ በሜትር ከሃያ የሆነውን፣ እስከ 1 ሜትር ከ20 ድረስ ማስቆፈር ይቻላል። ዓሣው በብርድም በፀሐይም ወደዚያ ይወርዳል። ለልጆቹ ደግሞ ከውሃው ወለል 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ በፌሮ ብረት የተበየደና ቀለም የተቀባ ፍርግርግ በግድግዳው ላይ ይደገፋል፤ የፍርግርጉ ዓይን ዓሣ የሚያሳልፍ፣ የልጅ እግር የማያሳልፍ ይሁን። እመቤትም ይህን ሲያዩ የሚቃወሙ አይመስለኝም።

አዲስ ሲሚንቶ ኖራ ስለሚለቅ ፒኤቹን ከ9 በላይ ሊያወጣ ይችላል። ሥራው ሲያልቅ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሞልቶ፣ በየጊዜው አንድ ሳምንት አቆይቶ ማፍሰስ ያስፈልጋል። ለማጣሪያው በርሜል ከቢሾፍቱ በኩል የሚመጣውን ቀዩን የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ሬድ አሽ የምንለውን፣ ውሃው እስኪጠራ አጥበው ይሙሉበት። ዋጋው ርካሽ ነው፤ በቀዳዳ የተሞላ ስለሆነም መምህሩ ለጠቀሷቸው ባክቴሪያዎች ብዙ መቀመጫ ይሰጣል። ለፓምፑ ገመድ ግን ኤሌክትሪክ ሲፈስ ራሱ የሚቆርጥ ብሬከር ሳይገባለት እጅዎን ውሃው ውስጥ አያስገቡ። ይህን ችላ ያሉ ሰው አውቃለሁ፤ የተረፉት በዕድል ነው።

ሰበታ መንገድ፦

ዓሦቹን ስለመቀነስ አንድ ነገር ልጨምር። ሰዎች ሲበዛባቸው የሚያደርጉት ወደ ወንዝ መልቀቅ ነው፤ እባክዎን ይህን አያድርጉ። የቀበና ወንዝ ራሱ ዓሣ የሚያኖር ሁኔታ ላይ አይደለም። ቢተርፉም ቀበና ወደ ትልቁ አቃቂ፣ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ነው የሚወርደው። ካርፕ በአባ ሳሙኤልና በአዋሽ ተፋሰስ ውስጥ ስላለ፣ ከውጭ የመጣ የጌጥ ዓሣ የያዘው በሽታ ዓሣ አጥማጆች እንጀራቸውን ወደሚያገኙበት ውሃ ሊደርስ ይችላል። በተለይ የኮይ ሄርፒስ የሚባለው ቫይረስ መድኃኒት የለውም፤ የሚያጠቃውም ካርፕና ኮይን ነው። ስለዚህ ለሚወስድ ሰው ይስጡ፤ የሚወስደውም ሰው ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ከራሱ ዓሦች ለይቶ ያቆያቸው።

በኮይ ፋንታ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ላድርግ ብለው ካሰቡም አይጠቅምዎትም። ቆሮሶ የሙቅ ውሃ ዓሣ ነው፤ በ10 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ኮይ ሲተርፍ እሱ አይተርፍም።

የቀበናው ግቢ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከጻፍኩ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኔ ነው። ፓምፑ ሌሊቱን ይሠራል፤ ከአራት ኪሎዋ እኅቴ እንደተማርኩት ኩሬውን በመረብ ሸፍኜ ማታ ሸራ እደርብበታለሁ። ምግቡን ለአምስት ቀን አቁሜ አሁን በቀን አንድ ጊዜ እሰጣለሁ። ውሃውን በሁለት ክፍት በርሜሎች እያስተኛሁ ነው የምቀይረው። ትናንት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ፒኤቹ 8.4፣ አሞኒያው ደግሞ 0.25 ሚሊ ግራም ሆኗል። ውሃው አሁንም አረንጓዴ ነው፤ ቢሆንም እጄን እስከ ክርኔ ስከት ጣቶቼ ይታዩኛል።

ከዚያ ወዲህ የሞተ የለም። ዛሬ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ስወጣ የውሃው ገጽ ላይ የነበረችው ያቺ ቀይ ጣል ጣል ያለባት ብቻ ነበረች፤ እሷም ወደ ፏፏቴው ቀርባ ቆየችና ወደ ታች ወረደች። የክንፏ ጫፍ ላይ ግን ቀጭን የደም መስመር አያለሁ። ለይቼ በጨው ላቆያት ወይስ ባለችበት ልተዋት?

ጡረተኛ መምህር፦

ምግብ የምትበላ ከሆነ ባለችበት ይተዋት። አሞኒያው ሲጎዳት የወጣ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ውሃው ሲሻሻል በራሱ ይጠፋል። መብላት ካቆመች ወይም ሰውነቷን ከግድግዳው ጋር ማሻሸት ከጀመረች ግን 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል፣ አየር እየገባላት፣ ለ100 ሊትር 300 ግራም ጨው ሒሳብ አድርገው፣ ጨውንም በሦስት ቀን ከፋፍለው ይጨምሩ። በርሜሉ ውስጥ ሳለች በየቀኑ ሩቡን ውሃ ይቀይሩ፤ በሚገባው ውሃ ልክም ጨው ይጨምሩበት።

ከሥላሴ በታች፦

ከአሥራ አንዱ ስድስቱን ለመቀነስ ካሰቡ ሦስቱን እኔ እወስዳለሁ፤ ለይቼ የማቆይበት ገንዳም አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከ3 ሰዓት በኋላ ቢሆን ይመቸኛል። ከመምጣቴ አንድ ቀን በፊት ምግብ አይስጧቸው፤ በመንገድ ላይ ውሃቸውን እንዳያቆሽሹ። ወፍራም ፌስታልና ትልቅ ባልዲ ይዤ እመጣለሁ። ያቺን ቀይ ጣል ጣል ያለባትን ግን አልጠይቅዎትም፤ ከአጻጻፍዎ እንደማይሰጧት ገብቶኛል።